የእሜቴ ሩዝና የላይኛው ፎቅ ሴሎች

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ሸበት ካለ በኋላ ነው። ሥራዬ ሳህን አጠባ ነው፤ ለእጄ ብዕር እንግዳው ነው። የሚጻፈው ስለ ትልልቅ ሰዎች እንደሆነም ሰምቻለሁ። እኔ ግን በቅርብ የማውቃቸው ትልቅ ሰው እሜቴ ናቸውና፣ እሳቸው ከነገሩኝም፣ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ ካየሁትም እየፈራሁ እጽፋለሁ። የተሳሳትኩት ካለ አንባቢ በሆዱ ያርመው። ስለ እኔ ይኸው ይበቃል፤ ወደ እሳቸው ልሂድ።

እሜቴ በአንድ የምርምር ቤት ምድር ቤት፣ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ነገር ግን አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው ጭልፋቸውን እንደ በትር አቁመው በምግብ መስጫው መስኮት ሲታዩ ሰልፈኛው ሁሉ ሳይታወቀው «እሺ እሜቴ» ይላል። ስሙ በዚያው ጸና። ቁመታቸው አጭር ነው። ድስቶቻቸው ረጃጅም ስለሆኑ የጠርሙስ ሣጥን ገልብጠው እሱ ላይ ይቆማሉ። ሣጥኑ ላይ ሲሆኑ ግን በዚያ ሕንፃ ከእሳቸው የሚረዝም ሰው የለም።

ሩዛቸውን ያልበላ ሰው እሜቴን አውቃቸዋለሁ ቢል ውሸቱን ነው። ሽንኩርቱን በዘይት ያቁላሉና ሩዙን አሽተው ይጨምሩበታል፤ ውሃውን በጣታቸው አንጓ ይለካሉ። ከዚያ ክዳን፤ ከክዳኑ በላይ ደግሞ አንድ አሮጌ የሚዛን ብረት። «ከአሁን በኋላ ክዳኑን የነካ እጁን ከሌላ ቦታ ይፈልግ!» ይላሉ። ውሃው አንዲት ጠብታ ሳትባክን ሩዙ ውስጥ ያልቃል። ሲከፈት እያንዳንዷ ፍሬ ከጎረቤቷ እንደተኳረፈች ሴት ለብቻዋ ቆማ ትገኛለች። ከድስቱ ሥር የሚይዘውን ቀይ ቅርፊት ለማግኘት ስንት የተማረ ሰው ሲጋፋ አይቻለሁ።

«ጣዕሙ ያለው ውሃው ውስጥ ነው፤ ውሃውን የደፋ ሩዙን ደፋ» ይላሉ። ያደጉት ውሃ ከሩቅ በጀርባ ታዝሎ በሚመጣበት ቤት ነው። እናታቸው ፊት የታጠቡበትን ለእግር፣ እግር የታጠቡበትን ለወለል ያደርጉት ነበር አሉ። ስለዚህ በእሜቴ ወጥ ቤት ወደ ፍሳሹ የሚወርድ ውሃ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሥራ ሠርቶ፣ ደክሞት ነው የሚወርደው።

አንድ ሰሞን ከላይኛው ፎቅ አንዲት ዶክተር በምሳ ሰዓት እየወረደች ሩዝ መውሰድ ጀመረች። የሕክምና ዶክተር አይደለችም፤ የምርምር ናት። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ስትራመድ ለወለሉ የምትሳሳለት የምትመስል ልጅ ናት። የራሷን ምሳ በሳህን ታስጨልፍና ከካፖርቷ ኪስ ትንሽ ብልቃጥ ታወጣለች።

«እሜቴ፣ ይቅርታ፣ እዚችም ላይ ትንሽ ይጨምሩልኝ።»

እሜቴ ደስ አላቸው። ቤት የምትወስድለት ሰው አለ ማለት ነው ብለው አሰቡ። ታማሚ ይሆናል፤ ምስኪን፣ ከዚህ ሩዝ በቀር አልበላ ብሎ። ስለዚህ ለብልቃጧ ምርጥ ምርጡን ያነሱላት ጀመር፤ ከመሐል፣ ዘይቱ ጠለቅ ካለበት፣ አልፎ አልፎም ከቅርፊቱ ቁራሽ። አንድ ቀን አላስችል ብሏቸው ጠየቁ።

«ተሻለው?»

«ማን?» አለች ዶክተሯ።

«የሚበላው ነዋ!»

ዶክተሯ ግራ ተጋብታ ብልቃጧን አየቻት። «አይ… ብዙም የተስማማቸው አይመስልም» አለች።

እሜቴ አዘኑ። በማግስቱ ለብልቃጧ ሲሉ የድስቱን ሁሉ ጨው ቀነሱ። ሰልፈኛው አጉረመረመ። እሳቸው ግን «ለታማሚ ነው፤ ቻሉት!» ብለው ዝም አሰኙት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ እውነቱን እሜቴ የሰሙት ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። የነገራቸው የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው። መሪ ከሚይዝበት ጊዜ ይልቅ ወሬ የሚይዝበት ጊዜ ይበዛል፤ ልቡ ግን ክፉ አይደለም። ሳህኑን ዘረጋና፣

«እሜቴ፣ ዛሬ መርዙን ቆንጠር ያድርጉልኝ» አላቸው።

«ምኑን?»

«አርሴኒኩን ነዋ! አልሰሙም እንዴ? ዶክተሯ የእርስዎን ሩዝ የምትወስደው መርዙን ልትለካ ነው። ላይ ቤት የሰው ሴል ታረባለች፤ መርዙን ታጠጣዋለች፤ ሲሞት ቁጭ ብላ ታያለች አሉ።»

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። ከሰልፉ አንዱ፣ «ለካስ! እኔ እኮ ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይጥለኛል» አለ። ሌላው «አንተስ ከምሳ በፊትም ነህ» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። የሳቁ ሰዎች ሳህናቸውን ሞልተው ነው የሄዱት፤ ፈርቶ የተወ የለም። እሜቴ ግን ከሣጥናቸው ወረዱ። ሽርጣቸውን ፈትተው፣ አጥፈው፣ እንደገና አሰሩት። እሳቸው ሲናደዱ የሚያደርጉት እንደዚህ ነው።

ወሬው አስተዳዳሪው ጋ ለመድረስ አንድ ከሰዓት በቃው። አስተዳዳሪው መጥፎ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን ችግር ሲነገራቸው የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ማገድ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ክራቫታቸውን እንፋሎቱ እንዳይነካው በእጃቸው ይዘው፣ «እሜቴ፣ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ይህ ነገር ካልተስተካከለ ሩዝ ይቆማል። በዳቦና በሻይ እንሠራለን» አሏቸው።

ለሌላው ሰው ሩዝ ሩዝ ነው። ዳቦ ለመቁረጥ ግን እሜቴ አያስፈልጉም፤ ቢላ ያለው ሁሉ ይቆርጣል። ሩዙ ቆመ ማለት እሳቸው ከዚያ ሣጥን ላይ ለዘለዓለም ወረዱ ማለት ነው። ይህን እኔም አውቄዋለሁ፤ ድስቶቹም ያወቁት ይመስል ያን ቀን ዝም ብለው ነበር።

በነጋታው ዶክተሯ ከምሳ ሰዓት ቀድማ፣ ያለ ብልቃጥ መጣች። እሜቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ሽንኩርት ይከትፋሉ። እንባው የሽንኩርቱ ይሁን የሆዳቸው አልታወቀም።

«እኔ ሰው መርዤ አላውቅም!»

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም እሜቴ። አስቀድሜ ልነግርዎ ይገባ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አርሴኒኩ ከድስቱም አይደለም፤ ከመሬት ነው። ሩዝ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ነው የሚያድገው፤ ጭቃው ውስጥ ያለውን አብሮ ይመጠዋል። ይብዛም ይነስ በየትም አገር ሩዝ ውስጥ አለ።»

«ዓለም ሁሉ ሩዝ ይበላ የለም? ታዲያ ለምን አላለቀም?»

«በአንድ ሳህን የሚታመም ሰው የለም። ክፋቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ዕድሜ ልክ ሲገባ ነው።»

እሜቴ ቢላቸውን አስቀመጡ። አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ውሃ ውስጥ የሚኖረው ዓሣስ? ባለፈው የቆርቆሮ ዓሣ አቅርቤያለሁ!»

«የባሕር ዓሣ ውስጥ እንዲያውም ብዙ አለ» አለች ዶክተሯ። «ግን ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ዓሣ ውስጥ ያለው አብዛኛው ገብቶ፣ ሰላም ብሎ የሚወጣ እንግዳ ነው። የሩዙ ግን ገብቶ ዕቃ ይሰብራል። ጉበታችን ሊያስወጣው ብሎ መልኩን ይለውጠዋል፤ ሲለውጠው ደግሞ መሐል ላይ አንዳንዱ ከፊተኛው የባሰ ይሆንና ቁጭ ይላል።»

«ሌባ አስወጣለሁ ብሎ ቢላ ማስያዝ!» አሉ እሜቴ። ሳያስቡት ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ነበር።

«ልክ እንደሱ። ግን መላ አለው። ሩዙን በብዙ ውሃ ይቀቅሉት፤ ሲበስል ያጥልሉት። አርሴኒኩ ከውሃው ጋር ይወጣል፤ ሁሉም ባይሆን ብዙው።»

«እንደ መኮሮኒ?»

«እንደ መኮሮኒ።»

እሜቴ ቢላቸውን መልሰው አነሡ። «ልጄ፣ እናትሽ በሕይወት አለች?»

«አለች፣ ደህና ናት።»

«እንግዲያው እሷ ፊት ይህን አትድገሚው።»

ይሁንና ሞከሩት፤ ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው? ስለ መጀመሪያው ቀን ሩዝ ዝም ብል በወደድኩ። ሾፌሩ ግን ዝም አላለም፤ «እሜቴ፣ ጋራዡ ግድግዳ ላይ የተሰነጠቀ ቦታ ስላለ ከዚህ ትንሽ ቢጨምሩልኝ» አለ። በሁለተኛው ቀን ጥሬ ሆነ። በሦስተኛው ግን መንገዱን አገኙት። ሩዙ ከላይ ለስልሶ መሐሉ ላይ ገና አጥንት እያለው ያወጡትና ያጠሉታል፤ ከዚያ ሽንኩርቱና ዘይቱ ወዳለበት ድስት መልሰው፣ እሳቱን ቀንሰው፣ ክዳኑን ይጭኑበታል። የቀረውን በገዛ እንፋሎቱ ይበስላል። ሲከፈት ፍሬዎቹ እንደ ወትሮው ተኳርፈው ተገኙ። እሜቴ ሣጥናቸው ላይ ወጥተው ቁልቁል አዩት፤ «ሰው ሆንክ!» አሉት።

እንግዲህ ያ የተጠለለው ውሃ ነበር። ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ገና የሚተንን፤ አንድ ሳፋ ሙሉ። እሜቴ ወደ ፍሳሹ አዩ። ሳፋውን አዩ። ውሃውን የደፋ ሩዙን ደፋ። ዶክተሯ «ያጥልሉት» አለች፤ እሳቸውም አጥልለዋል። ከዚያ ወዲያ ውሃው የት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። እየተጠነቀቁ አንስተው የሾርባው ድስት ውስጥ ገለበጡት። አንድ ጠርሙስ ብቻ አስቀርተው በጨርቅ ጠቀለሉት።

ጠርሙሱ ለዱባ ነው። ዱባ የልጃቸው ልጅ ነው፤ ጥርስ ማብቀል የጀመረ፣ ጉንጩ ከፊቱ የሚቀድም ሕፃን። እሜቴ ከሥራ ሲወጡ በልጃቸው ቤት በኩል ያልፋሉ። «ጉልበት የሚሆነው ይኼ ነው» ብለው ለልጃቸው ሰጧት። ዱባም ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣላቸው።

ሾርባው ስሙ ገነነ። ማንኪያ ያቆማል ተባለ። ድሮ ሾርባ ሲያይ ፊቱን የሚያዞረው ሾፌር እንኳ ሁለተኛ ይለምን ጀመር። ሳምንቱ ሊሞላ ሲል ዶክተሯ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች፤ የዚያን ጊዜ ለወለሉ አልሳሳችለትም።

«እሜቴ! ለካሁት! ወደ ግማሽ ወርዷል!»

ክበቡ በጭብጨባ ተሞላ። ሾፌሩ ሳህኑን እንደ ከበሮ መታው። አስተዳዳሪው ራሳቸው ፈገግ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እሜቴ «አልኳችሁ!» አሉ፤ ምን እንዳሏቸው ባላውቅም። ለዶክተሯ በትልቁ ሾርባ ቀዱላት፤ ቆመውም ስትበላ ያዩዋት ጀመር።

«እሜቴ፣ ይኼ ሾርባ እንዴት ያለ ነው! ምን ጨመሩበት?»

«የሩዙን ውሃ ነዋ።»

ማንኪያው ከከንፈሯ ፊት ቆመ። «የ… የተጠለለውን?»

«ታዲያ የቱን? እንዲህ ያለ ውሃ ይደፋል እንዴ ልጄ? ግፍ አይሆንም?»

ዶክተሯ ማንኪያዋን ወደ ሳህኑ መለሰች። ከዚያ ሾፌሩ ጠረጴዛውን መታና፣ «አልሸሹም ዞር አሉ!» ብሎ ጮኸ። ክበቡ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ሾርባው ትን ብሎት ጀርባውን መቱለት። ዶክተሯም መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አስተዳዳሪውና እሜቴ።

«ስለዚህ ከሩዙ የወጣው ሁሉ…» አሉ አስተዳዳሪው።

«ሾርባው ውስጥ ገብቷል» አለች ዶክተሯ።

አስተዳዳሪው ተነሡ። «ነገ ጠዋት እኔ ራሴ እመጣለሁ። ያ ውሃ ሲደፋ በዓይኔ ካላየሁ ከነገ ጀምሮ ዳቦ ነው!»

ሰዉ ሲበታተን ዶክተሯ ወደ ወጥ ቤቱ ገባች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከዚህ ውጪ የጠጣው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

እሜቴ ጭልፋቸውን አስቀመጡ። ሣጥናቸው ላይ ቁጭ አሉ፤ ቆመውበት እንጂ ተቀምጠውበት አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«ዱባ» አሉ በመጨረሻ። «የልጅ ልጄ። በእጄ። በጠርሙስ።»

ዶክተሯ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰሞኑ።»

«አይደንግጡ፣ እሺ? በጥቂት ቀን የሚሆን ነገር የለም። እኔን ይመኑኝ። ግን ሕፃን ትንሽ ነው፤ ለሰውነቱ ልክ ስናሰላው ከእኛ ይልቅ ብዙ ይበላል። ስለዚህ የሩዙን ውሃ ያቁሙለት፤ ሌላ ሌላውንም እህል እያፈራረቁ ይስጡት።»

እሜቴ ቀና አሉ። «አሳዪኝ።»

«ምኑን?»

«ያን የምትይውን። ሲጎዳ የሚታየውን። ዓይኔ ካላየ እጄ አይደፋም፤ እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ላይኛው ፎቅ ሽንኩርት ሽንኩርት አይሸትም፤ አልኮል ነው የሚሸተው። ለእሜቴ ነጭ ካፖርት አለበሷቸው፤ እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ እንኳ ጣታቸውን ይሸፍናል። ዶክተሯ ከአንድ ሙቅ ሣጥን ውስጥ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ጠርሙሶች አወጣች። ሮዝ የመሰለ ፈሳሽ አለባቸው።

«እነዚህ የሰው ሴሎች ናቸው፤ ከጉበት የመጡ። የሰውነት ሙቀት ውስጥ ነው የማኖራቸው። ምግባቸውን እቀይርላቸዋለሁ፤ ሲርባቸው ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይሄዳል።»

«እንዲያማ ከሆነ አንቺም ምግብ አብሳይ ነሽ!»

«ነኝ፤ የእኔዎቹ ግን አያመሰግኑም።»

«የእኔዎቹስ መቼ አመሰገኑ!» አሉ እሜቴ።

ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይናቸውን ሲያደርጉ መጀመሪያ ያዩት የገዛ ሽፋሽፍታቸውን ነው። «ጸጉራም ነው እንዴ?» ብለው ደነገጡ። ዶክተሯ ሳቋን ይዛ አስተካከለችላቸው። ከዚያ ታያቸው። ጎን ለጎን ተጠጋግተው፣ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው፣ አዋቂ ግንበኛ እንዳነጠፈው ወለል ዝርግ ብለዋል።

«እንዴት ያምራሉ! እነዚህ በእኛም ውስጥ አሉ?»

«በእርስዎም፣ በእኔም፣ በዱባም።»

ሁለተኛው ጠርሙስ ተተካ። ይኼኛው አርሴኒክ የተሰጠው ነው። ወለሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል። አንዳንዱ ሴል ጠርዙን ሰብስቦ ተኮማትሯል፤ አንዳንዱ ክብ ሆኖ፣ መሬቱን ለቅቆ ይንሳፈፋል። እሜቴ ዓይናቸውን አላነሡም።

«ይኼ ከእርስዎ ሩዝ ጋር የማይወዳደር ብዛት ነው» አለች ዶክተሯ። «ቶሎ ለማየት ብለን ነው የምናበዛው። የትንሹ ሥራ እንዲህ አይታይም። ሴል እኮ በየቀኑ ይጎዳል፤ ራሱን እየጠገነ ነው የሚኖረው። አርሴኒኩ የጠጋኙን እጅ ነው የሚይዘው። ሴሉ ይኖራል፣ ይበላል፣ ይባዛል፤ ግን ስህተቱን ሳያርም ለልጁ ያወርሳል። ያ ከብዙ ዓመት በኋላ በሽታ ይሆናል።»

«ቤቱን ትቶ አናጢውን መምታት» አሉ እሜቴ ቀስ ብለው። ከዚያ፣ «ሩዝ ሲለያይ ነበር ደስ የሚለኝ። እነዚህ ሲለያዩ ግን አያምርም» አሉ።

ከማይክሮስኮፑ ላይ ሲነሡ ግን እሜቴ እሜቴ ናቸውና ድርድር ጀመሩ።

«እሺ፣ ውሃውን ለዶሮ ብሰጠውስ?»

«እንቁላሉን ማን ይበላዋል?»

«ለጓሮው አታክልት?»

«አታክልቱንስ?»

አሰቡ፤ አሰቡና፣ «ለሽርጥ! ድሮ ልብስ የምናጠነክረው በሩዝ ውሃ ነበር» አሉ።

ዶክተሯ አገጯን ይዛ ቆየች። «ሽርጥ አይበላም» አለች በመጨረሻ።

«ስለዚህ አንድ ኩባያ ይቀራል።»

«አንድ ኩባያ። ከዚያ በላይ አይሆንም።»

ተጨባበጡ። እጅጌው ውስጥ የእሜቴ እጅ ስላልታየ ዶክተሯ የጨበጠችው ጨርቁን ነው።

ሲመሽ እሜቴ ልጃቸው ቤት ሄዱ። ዱባ ገና ከበር ሲያያቸው እጁን ወደ ዘንቢላቸው ዘረጋ። የትናንቱ ጠርሙስ ገና ግማሹ መደርደሪያው ላይ ነበር።

«ድፊው» አሏት ልጃቸውን።

«እማዬ? ጉልበት የሚሆነው ይኼ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። አሁን ደግሞ ሌላ እላለሁ። አፉ የእኔ ነው፤ ማን ይከለክለኛል?»

ያዩትን ሁሉ ነገሯት፤ ወለሉን፣ ቀዳዳውን፣ አናጢውን። ልጅቷ እያዳመጠች ተቆጣች፣ ፈራች፣ በመጨረሻ ደግሞ እናቷ ካፖርት ለብሰው ሽፋሽፍታቸውን ሲያዩ እየታያት ሳቀች። ጠርሙሱን ወስዳ ደፋችው። እሜቴ በዚያ ሰዓት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። ዱባ እሪ አለ። ድንች ቀቅለው፣ ፈጭተው፣ ትንሽ ጨው እንኳ ሳያደርጉ በማንኪያ አቀረቡለት። መጀመሪያ ተፋባቸው። ኋላ ግን ማንኪያውን ራሱ ነጠቃቸው።

በማግስቱ ጠዋት እሜቴ ከሁላችንም ቀድመው ገቡ። አስተዳዳሪው እንደዛቱት መጥተው ማጠቢያው ዳር እንደ ዘበኛ ቆመዋል። ሾፌሩም ምንም ሥራ ሳይኖረው መጥቶ በሩን ተደግፏል። ሩዙ በትልቁ ድስት፣ ገና አጥንት እያለው ይፈላል። እሜቴ አንዲት ፍሬ አውጥተው በጥርሳቸው ሞከሯት። ከዚያ የድስቱን ሁለት ጆሮ በጨርቅ ያዙና ወደ አስተዳዳሪው ዞሩ።

«ጌታው፣ ዝም ብለው ከሚያዩ ያን ማጥለያ ይያዙልኝ።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? ይያዙት፤ ዝቅ ያድርጉት… አይ፣ ከዚያም ዝቅ!»

አስተዳዳሪው ክራቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ወርውረው ማጥለያውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እሜቴ ሣጥናቸውን በእግራቸው ገፍተው ወደ ማጠቢያው አስጠጉና ወጡበት። ድስቱን ማጠቢያው ጠርዝ ላይ አሳርፈው መጀመሪያ አንድ ኩባያ ቀድተው ወደ ጎን አኖሩ። ከዚያ ቆሙ። ድስቱን በሁለት ጆሮው አነሡት።

ደፉት።

ነጩ ውሃ በማጥለያው በኩል አልፎ፣ እየጮኸ፣ ምንም ሥራ ሳይሠራ ወደ ፍሳሹ ገባ። እንፋሎቱ የአስተዳዳሪውን መነጽር ጋረደው።

«ምንም አይታየኝም!» አሉ አስተዳዳሪው።

«በዓይኔ ካላየሁ ያሉት እርስዎ አይደሉም? ይጥረጉና ይዩ!»

ሾፌሩ ከበሩ ሆኖ፣ «እሜቴ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም!» አላቸው።

«ታዲያ እንዳይታፈስ አይደል የማፈሰው!» ብለው መለሱለት። ድምፃቸው ተመልሶ ነበር።

ሩዙን ወደ ሽንኩርቱ መልሰው፣ ክዳኑን ጭነው፣ ሲደርስ በጭልፋ ጫፍ ለአስተዳዳሪው አቀመሷቸው። አስተዳዳሪው መነጽራቸውን ገና እየጠረጉ አላመጡ። እንደገና አላመጡ።

«እንግዲህ… ሩዙ ይቀጥል» አሉ። ማጥለያውን ሊያስቀምጡ ዘንበል ሲሉ፣

«እንዳይለቁት ጌታው!» አሉ እሜቴ፤ ሁለተኛውን ድስት ከእሳቱ ላይ እያነሡ። «ገና አንድ ድስት አለ።»